ልብ ሰፊው

የወተት ቤት መኪና ጠጋኝ ነበርኩኝ፤
ከጎማ፣ ከቱቦ፣ ከቫልቭ በቀር ሙያም አልነበረኝ።
አንድ የጥር ማለዳ፣ ዱሉትን በረዶ ውጧት፣
ሐይቁ ድንጋይ ሆኖ መርከቡ ሁሉ ቆሞባት፣
ረጅም ሰው መጣ፣ ካፖርቱን ሳይቆልፍ፣
ጣቶቹ ቀጫጭን፣ ዓይኑን የራቀው እንቅልፍ።
«ይህ ፓምፕ» አለኝ፣ «ወተት ሳይንጥ ያሳልፋል?
ደምስ ባሳልፍበት ይረጋል? ይተርፋል?»
እብድ ነው አልኩ በልቤ። አሁንም አልክድም።
ግን ያን ለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ኤይኖ ካንጋስ ይባላል፤ የመረብ ጠጋኝ ልጅ።
አባቱ ከሐይቁ ዳር፣ ከእንጨት ቤታቸው ደጅ፣
ዓሣ የበጣጠሰውን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ
ሲቋጥር ያይ ነበር፣ አጠገቡ ተጎልቶ።
«ክሩን አትጎትት» ይለዋል፣ «በራሱ ጊዜ ይምጣ፤
የጎተትከው ቋጠሮ ነው ዓሣ የሚያስወጣ።»

ያኔ ልብ ታቦት ነው፣ እጅ የማይደፍረው፤
ሐኪም ደጁን ስሞ ከውጭ የሚመለሰው።
እሱ ግን ሊገባ ቆረጠ፤ ከእኔ ጋር፣
ከወተት ፓምፕ ጋር፣ ከሁለት ነርሶች ጋር።

የመጀመሪያዋ አርሊን ናት። አምስት ዓመት ከመንፈቅ።
ቀለም የጠጣ ከንፈር፤ ሦስት ደረጃ ወጥታ የምትወድቅ።
ፓምፑን እኔ ያዝኩት፣ አሥራ አራት ደቂቃ።
ልቧ ባዶ ሆኖ፣ ተጨማዶ፣ እንደ ወለቀ ጓንት።
ቀዳዳውን ሰፋው።
ደሙን መለስን።
ጠበቅን።
የግድግዳው ሰዓት ብቻ መታ።

ከዚያም ሁለተኛው። ሦስተኛው። አራተኛው።
ጋዜጣው «ሉካንዳ» አለው፤ መልስ አልነበረው።
በየቀብሩ ሄደ፤ ከዛፍ ሥር፣ ከኋላ፣
ሰው እስኪበተን ድረስ የሚቆም እንደ ጥላ።
አንዲት እናት በጥፊ መታችው በሰው ፊት፤
የአርሊን እናት ግን በእጁ አስጨበጠችው ጓንት፣
ቀይ የሱፍ፣ የግራ እጅ፣ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ያለበት።
ለምን እንደሰጠችው አላወቀም። እኔም አላወቅሁ።

«ይብቃኝ» ብዬ አንድ ማታ ቁልፌን አስረከብኩኝ፤
«አምስተኛዋን አብረኸኝ፣ ከዚያ ሂድ» ብሎ ለመነኝ።

በርናዴት ከክሎኬ መጣች፣ አባቷ ተሸክሟት፣
ስምንት ዓመት ሞልቷት ሩጫ ብርቅ የሆነባት።
ከፈተ። ሰፋ። ክሩ በራሱ ጊዜ መጣ።
ደሟን ስንመልሰው፣ ከመረብ ሊወጣ
እንደሚታገል ዓሣ፣ ልቧ አንዴ ፈራገጠ።
ቆመ። ደግሞ ፈራገጠ።
ከነርሷ እጅ መቀሱ አመለጠ።
ማንም አልጮኸም። እሱ ቀና እንኳ ሳይል፣
«ፓምፑን አጥፋው» አለ።
ሰማንያ አራት ዓመት ኖሬ ብዙ ቃል ሰምቻለሁ፤
ከዚህ የሚጥም የለም።

ከዚያማ ጎረፉ፣ ከቶሮንቶ፣ ከቺካጎ፣ እጁን ሊያዩ።
ያው ጋዜጣ ዞሮ «ልበ ሙሉው ሐኪም» አለው።
አንብቦ አጠፈና እንዲህ አለኝ በቀስታ፦
«ልብ አራት ክፍል አለው።
የእኔ አራቱም ተይዘዋል።»
ሌላ ጊዜ ስለዚህ አልተነጋገርንም።

ሲያረጅ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሸሚዙን መቆለፍ አቃተው።
ወደቡ ዳር ተቀምጦ ተንሺውን ድልድይ ያያል፤
ሲወጣ፣ ሲወርድ፤ መርከብ ሲያስገባ፣ መርከብ ሲያስወጣ።
«ቫልቭ ነው» ይለኛል። ሁልጊዜ። እንዳልነገረኝ ሁሉ።

ባለፈው ኅዳር ሞተ። ቄሱ «ልብ ሰፊ ነበር» አሉ፤
ሰዉ ደግነቱን ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ ሁሉ፤
እኔ መርፌውን ሰማሁ።

ልጅ የለውም፤ ዕቃውን እኔና በርናዴት ሰበሰብን።
የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳለች፤ ደረጃውን በሩጫ ወጣች፣
በስልሳ ሁለት ዓመቷ።
ከመሳቢያው ጥግ፣ ከካልሲዎቹ ሥር፣ ጓንቱን አገኘችው።
አውራ ጣቱ ተጠግኗል፣
በሱፍ አይደለም፣ በጥቁር ሐር፣ ልብ በሚሰፋበት ክር።
መቼ ሰፋው? ያን ማታ ይሆን? ወይስ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣ በስተርጅና?
ወደ መስኮቱ ወሰድኩት፣ መነጽሬን አድርጌ
ቋጠሮውን መረመርኩ፣ እንደ ማንኛውም ጠጋኝ።
አልተጎተተም።